የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስና ኃይል ስሌት

የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስና ኃይል ስሌት በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወይም ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ እና በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት በመለካት፣ የዕቃውን ሬዚስታንስ (ለከረንት የሚያሳየውን እንቅፋት) እና የሚወስደውን ኃይል የማግኛ ዘዴ ነው። ሬዚስታንስ የሚገኘው ቮልቴጅን ለከረንት በማካፈል ሲሆን፣ ኃይል ደግሞ ሁለቱን በማባዛት ይገኛል። የመጀመሪያው ስሌት በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በጌዮርግ ሲሞን ኦም ስም የኦም ሕግ ከሚባለው ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ከእንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል የሙቀት ጥናት ጋር ይዛመዳል።

ሁለቱ ስሌቶች ቀላል ቢሆኑም የቤት ውስጥ ሽቦ ውፍረት፣ የብሬከርና የፊውዝ ልክ፣ የምድጃና የምጣድ አሠራር፣ እንዲሁም የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ መስመሮች ንድፍ ሁሉ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በማሞቂያ ዕቃዎች ላይ ዕቃው ይዞት የሚዞረው ጠባይ ሬዚስታንሱ ነው፤ ኃይሉ ግን ከሚሰካበት ቮልቴጅ ጋር ይለዋወጣል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራውም አብሮት በተጻፈው ቮልቴጅ ብቻ ነው።

መሠረታዊ መጠኖች

• ቮልቴጅ፦ ከረንትን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ግፊት ልዩነት ነው። ከፍ ባለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለ ውኃ በቧንቧ ላይ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ይመሳሰላል። መለኪያው ቮልት ነው።
• ከረንት (የኤሌክትሪክ ጅረት)፦ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሽቦው አንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) መጠን ነው። በቧንቧ ውስጥ ከሚፈሰው ውኃ መጠን ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው አምፔር ነው።
• ሬዚስታንስ፦ ዕቃው የከረንትን ማለፍ የሚገድብበት መጠን ነው። ጠባብና ረጅም ቧንቧ ውኃን እንደሚያዘገይ፣ ቀጭንና ረጅም ሽቦም ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ነው። መለኪያው ኦም ነው።
• ኃይል፦ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሙቀት፣ ብርሃን ወይም እንቅስቃሴ የሚለወጠው የኤሌክትሪክ ጉልበት መጠን ነው። መለኪያው ዋት ሲሆን፣ 1000 ዋት 1 ኪሎዋት ይባላል።

1 ኦም ማለት በ1 ቮልት ግፊት 1 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ሬዚስታንስ ነው። 1 ዋት ደግሞ በ1 ቮልት ግፊት 1 አምፔር ሲያልፍ የሚወሰደው ኃይል ነው።

ቀመሮች

ሁለቱ መነሻ ቀመሮች የሚከተሉት ናቸው፦

ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ከረንት
ኃይል = ቮልቴጅ × ከረንት

ሁለቱን በማጣመር ሌሎች ሁለት ቀመሮች ይገኛሉ፦

ኃይል = ከረንት² × ሬዚስታንስ
ኃይል = ቮልቴጅ² ÷ ሬዚስታንስ

በእነዚህ አራት ቀመሮች አማካይነት ከአራቱ መጠኖች ሁለቱ ከታወቁ የቀሩት ሁለቱ ይሰላሉ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀመሮች ሲታዩ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንደኛው ሬዚስታንስ ሲጨምር ኃይል ይጨምራል፤ በሌላው ግን ይቀንሳል። ቅራኔው የሚፈታው የትኛው መጠን ሳይለወጥ እንደሚቆይ በማየት ነው። ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው ቮልቴጅ ቋሚ በመሆኑ፣ ሬዚስታንሱ ዝቅ ያለ ምድጃ የበለጠ ከረንት ስቦ የበለጠ ይሞቃል። በአንድ መስመር ላይ በተከታታይ በተያያዙ ነገሮች ውስጥ ግን የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚሞቀው ሬዚስታንሱ ከፍ ያለው ክፍል ነው። ምጣዱ እየጋለ ወደ እርሱ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪክ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በከረንትና በቮልቴጅ መካከል ያለውን ተመጣጣኝነት እ.ኤ.አ. በ1781 ደርሶበት ነበር። የከረንት መለኪያ መሣሪያ ገና ስላልነበረ ካቨንዲሽ ከረንቱን የገመተው ሰውነቱን ሲነዝረው በሚሰማው ስሜት ብርታት ነው። ውጤቱን ግን አላሳተመም፤ ጽሑፎቹን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1879 እስኪያሳትማቸው ድረስ ሥራው ሳይታወቅ ቆይቷል።

ጌዮርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በኤርላንገን ከተማ የተወለደ ሲሆን በኮሎኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሳለ ሙከራዎቹን አካሂዷል። በመጀመሪያ የተጠቀመበት የቮልታ ባትሪ ከረንት በሚሰጥበት ጊዜ ግፊቱ ስለሚዋዥቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 ያወጣው ቀመር ትክክል አልነበረም። ከዚያ በኋላ በዮሐን ክርስቲያን ፖገንዶርፍ ምክር ባትሪውን ትቶ ከመዳብና ከቢስሙት የተሠራ የሙቀት ጥንድ (ቴርሞካፕል) መጠቀም ጀመረ። የጥንዱን አንድ ጫፍ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ በማቆየት የማይዋዥቅ ግፊት አገኘ። ይህ ለውጥ ትክክለኛውን ሕግ እንዲያገኝ አስችሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍም ሕጉን በሒሳብ አብራርቷል።

መጽሐፉ በጀርመን በመጀመሪያ የቀዘቀዘ አቀባበል ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1841 ግን የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። ኦም እ.ኤ.አ. በ1854 በሙኒክ አረፈ።

ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ መጀመሪያ በውኃ ውስጥ የተነከሩ ሽቦዎችን በከረንት በማሞቅ፣ የሚወጣው ሙቀት ከከረንቱ ካሬና ከሽቦው ሬዚስታንስ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አሳየ። ሩሲያ ይሠራ የነበረው ሄንሪክ ሌንዝም ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሷል። ኦም፣ ቮልትና አምፔር የሚሉት የመለኪያ ስሞች እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ተቀባይነት አገኙ። ዋት የሚለው ስም ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በዊልያም ሲመንስ ሐሳብ አቅራቢነት ተጨመረ።

ምሳሌ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱ ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ነው። በሸክላው ሥር በተጠማዘዘ የማሞቂያ ሽቦ የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሽቦው ብዙውን ጊዜ ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ (ኒክሮም) የሚሠራ በመሆኑ ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ለስሌቱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ220 ቮልት ላይ ተሰክቶ 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ቢወሰድ፦

ሬዚስታንስ = 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም
ኃይል = 220 × 16 = 3520 ዋት (3.52 ኪሎዋት)

የቮልቴጅ መውረድ

ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ኃይል በሚጠቀሙበት ሰዓት፣ በተለይም ከትራንስፎርመር ርቆ በሚገኝ ቤት፣ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የምጣዱ ሬዚስታንስ ያው 13.75 ኦም ነው። ከረንቱና ኃይሉ ግን እንደሚከተለው ይሆናሉ፦

ከረንት = 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፔር
ኃይል = 180² ÷ 13.75 = 2356 ዋት

ቮልቴጁ የቀነሰው በ18 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ኃይሉ በ33 በመቶ ቀንሷል። ይህም የሆነው ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ነው። ምጣዱ ቶሎ አለመጋሉ፣ ከአንዱ እንጀራ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ መርዘሙና ዓይን በደንብ አለማውጣቱ ከሊጡ ወይም ከምጣዱ ብልሽት ሳይሆን ከቮልቴጁ ሊመጣ ይችላል። ቮልቴጁን በሶኬቱ ላይ፣ ምጣዱ በሥራ ላይ እያለ መለካት ምክንያቱን ይለያል።

አጥሮ የተቀጠለ ሽቦ

የማሞቂያ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለው ክፍል ተቆርጦ ጫፎቹ መልሰው የሚቀጠሉበት ጊዜ አለ። የሽቦ ሬዚስታንስ ከርዝመቱ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ በ10 በመቶ ያጠረ ሽቦ ሬዚስታንሱም በ10 በመቶ ያንሳል፦

ሬዚስታንስ = 13.75 × 0.9 = 12.4 ኦም ገደማ
ከረንት = 220 ÷ 12.4 = 17.7 አምፔር ገደማ
ኃይል = 220 × 17.7 = 3900 ዋት ገደማ

ምጣዱ ከቀድሞው ይበልጥ ስለሚግል ጥገናው የተሻሻለ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከፍ ያለውን ኃይል የሚሸከመው ያጠረ ሽቦ ስለሆነ በየሴንቲሜትሩ የሚወጣው ሙቀት በ23 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሽቦው እንደገና የሚበጠስበትን ጊዜም ያቀርበዋል። በተጨማሪም ለ16 አምፔር የተሠራ መሰኪያና ሶኬት ከልኩ በላይ ይጫናል።

ከአገር አገር የሚጓዙ ዕቃዎች

የኢትዮጵያ የቤት ውስጥ ቮልቴጅ 220 ቮልት ሲሆን በአብዛኛው አውሮፓና በእስራኤል 230 ቮልት ነው። በአሜሪካ ተራ ሶኬቶች ላይ ግን 120 ቮልት ነው። ከኢትዮጵያ የተወሰደው ከላይ የተጠቀሰው ምጣድ በተለያየ ቮልቴጅ ቢሰካ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

• በ230 ቮልት፦ 16.7 አምፔር፣ 3847 ዋት
• በ120 ቮልት፦ 8.7 አምፔር፣ 1047 ዋት
• በ240 ቮልት፦ 17.5 አምፔር፣ 4189 ዋት

በ120 ቮልት ምጣዱ የሚያገኘው ከተሠራበት ኃይል 30 በመቶውን ብቻ ስለሆነ እንጀራ አይጋግርም፤ ይሁን እንጂ አይበላሽም። የአሜሪካ ቤቶች ለትልልቅ ምድጃዎችና ለልብስ ማድረቂያዎች የተለየ የ240 ቮልት መስመር አላቸው። ቮልቴጅ ከፍ ማድረጊያ ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከ3520 ዋት ያላነሰ አቅም ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

አደገኛው የተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ ለ120 ቮልት የተሠራ 1200 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 10 አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱም 12 ኦም ነው። ይህ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ፦

ከረንት = 220 ÷ 12 = 18.3 አምፔር
ኃይል = 220² ÷ 12 = 4033 ዋት

ዕቃው ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚያገኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ የሚቀይር አዳፕተር ቮልቴጁን አይለውጥም። የሞባይልና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲሠሩ ስለሚመረቱ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ይህም በቻርጀሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በገመድና በመገናኛ ላይ የሚወጣ ሙቀት

ከረንት ወደ ዕቃው የሚደርሰው በገመድ፣ በመሰኪያና በሶኬት አልፎ ነው። እነዚህም የራሳቸው ሬዚስታንስ አላቸው። የአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ እንዲህ ይሰላል፦

ሬዚስታንስ = የቁሱ ጠባይ ቁጥር × ርዝመት ÷ የሽቦው የተቆረጠ ገጽ ስፋት

ርዝመቱ በሜትር፣ ስፋቱ በካሬ ሚሊሜትር ሲሰጥ የመዳብ ጠባይ ቁጥር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.0168 ገደማ ነው። የአሉሚኒየም 0.027 ገደማ ሲሆን የኒክሮም ደግሞ 1.1 አካባቢ ነው። ከረንቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ የ5 ሜትር ገመድ 10 ሜትር ሽቦ ሆኖ ይታሰባል። በዚህ መሠረት ከላይ ላለው ምጣድ፦

• 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ 5 ሜትር፦ ሬዚስታንሱ 0.067 ኦም፤ በገመዱ ላይ የሚወጣው ሙቀት 17 ዋት ገደማ
• 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ 5 ሜትር፦ ሬዚስታንሱ 0.224 ኦም፤ በገመዱ ላይ የሚወጣው ሙቀት 55 ዋት ገደማ

ለመብራትና ለሬዲዮ የሚሆነው ቀጭን ገመድ ለምጣድ ሲውል ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ገመዱ ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ የፕላስቲክ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል።

ከገመዱም ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው የላላ መገናኛ ነው። በደንብ ያልተጠበቀ ብሎን ወይም የላላ ሶኬት 0.5 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፦

ጠቅላላ ሬዚስታንስ = 13.75 + 0.5 = 14.25 ኦም
ከረንት = 220 ÷ 14.25 = 15.4 አምፔር
በመገናኛው ላይ የሚወጣ ኃይል = 15.4² × 0.5 = 119 ዋት ገደማ

ይህ 119 ዋት በምጣዱ ሥር እንዳለው ረጅም ሽቦ የተዘረጋ ሳይሆን ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ የተሰበሰበ ነው። የጠቆረ ሶኬት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና ሲነካ የሚፋጅ መሰኪያ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ብሬከርም ሆነ ፊውዝ ይህን አደጋ አይከላከልም፤ ምክንያቱም በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከመደበኛው አልበለጠም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ቀንሷል። አደጋው የሚታወቀው በማየት፣ በማሽተትና በሶኬቱ ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ በመለካት ነው።

የቤት ጠቅላላ ከረንት

በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ጎን ለጎን (በፓራለል) ስለሚያያዙ ሁሉም ተመሳሳይ ቮልቴጅ ያገኛሉ፤ ከረንታቸው ግን ይደመራል። በ220 ቮልት ላይ፦

• ምጣድ፣ 3520 ዋት፦ 16 አምፔር
• የውኃ ማፍያ፣ 2000 ዋት፦ 9.1 አምፔር
• ምድጃ፣ 1000 ዋት፦ 4.5 አምፔር
• ድምር፦ 29.6 አምፔር

የመስመሩ ብሬከር 25 አምፔር ከሆነ ሦስቱ አብረው ሲሠሩ ይወርዳል። ብሬከሩን በ40 አምፔር መተካት ችግሩን የፈታ ቢመስልም፣ ሽቦው ለ25 አምፔር የተዘረጋ ከሆነ መከላከያውን ማንሳት ማለት ነው። ብሬከር የሚመረጠው ከዕቃው ፍላጎት በፊት ሽቦው መሸከም በሚችለው ከረንት ነው። በከረንት ካሬ ሕግ መሠረት ከረንቱ በእጥፍ ሲያድግ በሽቦው የሚወጣው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ሬዚስታንሱ የማይጸና ዕቃ

ቮልቴጅን ለከረንት ማካፈል ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን በሌላ ቮልቴጅ ላይ ያው ላይሆን ይችላል። የኦም ሕግ የሚሠራው ሬዚስታንሳቸው ቋሚ ለሆነ ነገሮች ነው።

የቆየው ባለ ክር አምፖል ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ220 ቮልት 100 ዋት የሚወስድ አምፖል 0.45 አምፔር ይስባል፤ ሲበራ ያለው ሬዚስታንስም 484 ኦም ነው። ጠፍቶ በቀዘቀዘ ጊዜ በኦሜትር ቢለካ ግን ከዚህ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ቁጥር ያሳያል፤ የተንግስተን ክሩ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ ነው። አምፖሎች ብዙውን ጊዜ ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት የሚቃጠሉትም በዚያች ቅጽበት ከልክ በላይ ከረንት ስለሚያልፍባቸው ነው።

ኤልኢዲ ደግሞ ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ምንም ያህል ከረንት አያሳልፍም፤ ከዚያ በላይ ግን ከረንቱ በፍጥነት ያሻቅባል። ስለዚህ ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር በተከታታይ ይያያዝለታል። ለምሳሌ በ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል ባትሪ ላይ 3 ቮልትና 0.02 አምፔር የሚፈልግ ኤልኢዲ ቢያያዝ፦

በሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ = 12 − 3 = 9 ቮልት
ሬዚስታንስ = 9 ÷ 0.02 = 450 ኦም
በሬዚስተሩ ላይ የሚወጣ ኃይል = 9 × 0.02 = 0.18 ዋት

በገበያ ላይ የሚገኘው ቅርብ ልክ 470 ኦም ሲሆን፣ ሩብ ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃል።

ተለዋዋጭ ከረንትና ሞተር

የመብራት መስመር ተለዋዋጭ ከረንት (ኤሲ) የሚያስተላልፍ ሲሆን በኢትዮጵያ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ለምጣድ፣ ለምድጃና ለካውያ ከላይ ያሉት ቀመሮች ሳይለወጡ ይሠራሉ። ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕና ሌሎች ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ግን መግነጢሳዊ ጥቅል ስላላቸው ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል የሚገኘው ኢምፔዳንስ ይባላል። ኃይሉም በኃይል ፋክተር ተባዝቶ ይገኛል፦

ኃይል = ቮልቴጅ × ከረንት × ኃይል ፋክተር

በ220 ቮልት 5 አምፔር የሚስብና ኃይል ፋክተሩ 0.8 የሆነ ፓምፕ የሚወስደው ኃይል 1100 ሳይሆን 880 ዋት ነው። ሽቦው ግን 5ቱንም አምፔር ይሸከማል።

እንደ እህል ወፍጮ ባሉ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች ላይ ውጤቱ በ1.73 ይባዛል። በ380 ቮልት 20 አምፔር የሚስብና ኃይል ፋክተሩ 0.85 የሆነ የወፍጮ ሞተር፦

ኃይል = 1.73 × 380 × 20 × 0.85 = 11.2 ኪሎዋት ገደማ

የረጅም ርቀት ማስተላለፊያ

ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት በመሆኑ፣ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል በአነስተኛ ከረንት ማስተላለፍ ይቻላል። በመስመሩ ላይ በሙቀት የሚባክነው ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁን በ10 እጥፍ ማሳደግ ብክነቱን በ100 እጥፍ ይቀንሰዋል።

ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው የኢትዮጵያና የኬንያ ማስተላለፊያ መስመር 2000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም አለው። መስመሩ ቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ አንዱ ጎኑ በ500 ሺህ ቮልት ፖዘቲቭ፣ ሌላው በ500 ሺህ ቮልት ኔጋቲቭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ 1 ሚሊዮን ስለሆነ በሙሉ አቅሙ የሚያልፈው ከረንት 2000 አምፔር ነው። ያንኑ ኃይል በ220 ቮልት ለማስተላለፍ ቢሞከር ከ9 ሚሊዮን አምፔር በላይ ያስፈልግ ነበር።

በባትሪ የሚሠሩ የ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች የተቃራኒው ምሳሌ ናቸው። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ በ220 ቮልት 0.27 አምፔር ብቻ ሲስብ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር ይስባል። ስለዚህ ኃይሉ ትንሽ ሆኖ ሳለ ወፍራምና አጭር ሽቦ ያስፈልገዋል።

አለካክ

ቮልቲሜትር ከዕቃው ጎን ለጎን ይያያዛል፤ አሚሜትር ግን ከረንቱ በውስጡ እንዲያልፍ በተከታታይ ይገባል። የአሚሜትር ሬዚስታንስ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በስህተት እንደ ቮልቲሜትር በሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ቢደረግ አጭር ዙር (ሾርት) ይፈጥራል። በተራ ሙልቲሜትር ላይ የከረንት መለኪያው ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፔር አይበልጥም፤ ስለዚህ የምጣድ ከረንት በእርሱ አይለካም። ለዚህ የሚያገለግለው ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ አቅፎ የሚለካው ክላምፕ ሜትር ነው። ክላምፕ ሜትር የሚያቅፈው ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለቱን አብሮ ካቀፈ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ስለሚጣፉ ዜሮ ያሳያል።

ቮልቴጅና ከረንት በአንድ ጊዜ፣ ዕቃው በሥራ ላይ እያለ መለካት አለባቸው። የቮልቴጁ ንባብ በ1 በመቶ፣ የከረንቱ በ2 በመቶ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ፣ የሚሰላው ሬዚስታንስና ኃይል እስከ 3 በመቶ ሊሳሳት ይችላል።

መለኪያ በሌለበት ቤት ቆጣሪው ራሱ ያገለግላል። ሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ጠፍተው ምጣዱ ብቻ ያለማቋረጥ ለ12 ደቂቃ (0.2 ሰዓት) ሲሠራ ቆጣሪው በ0.7 ኪሎዋት ሰዓት ቢጨምር፣ ኃይሉ 0.7 ÷ 0.2 = 3.5 ኪሎዋት ነው። በተመሳሳይ መንገድ ፍጆታ የሚሰላው ኃይልን በጊዜ በማባዛት ነው፤ 3.52 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ቢሠራ 5.28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

የሰውነት ሬዚስታንስ

ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ነው። መጠኑም እንደማንኛውም ነገር ቮልቴጁን ለሰውነት ሬዚስታንስ በማካፈል ይገመታል። ደረቅ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ሊኖረው ሲችል እርጥብ ቆዳ ግን ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። በእርጥብ እጅ 220 ቮልት መንካት 220 ÷ 1000 = 0.22 አምፔር ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይህም የልብን ምት ለማዛባትና ለመግደል በቂ ነው። አንድ ምጣድ ከሚስበው ከረንት ሰባ ጊዜ ያህል ያነሰ በመሆኑ ተራ ብሬከር አያውቀውም። በዚህ ምክንያት ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ በ0.03 አምፔር መስመሩን የሚቆርጥ ልዩ መከላከያ በተለይ ለመታጠቢያ ቤትና ለማድ ቤት መስመሮች ይገጠማል።

የተለመዱ ስህተቶች

• በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በማንኛውም ቮልቴጅ የሚሠራ ቋሚ ቁጥር አድርጎ መውሰድ።
• የቀዘቀዘ አምፖልን ሬዚስታንስ ለክቶ ሲበራ የሚወስደውን ኃይል ከዚያ ማስላት።
• በሚሊአምፔር የተነበበን ከረንት ወደ አምፔር ሳይለውጡ ማስላት። 20 ሚሊአምፔር 0.02 አምፔር ነው።
• ኪሎዋትን ከኪሎዋት ሰዓት ጋር ማምታታት። የመጀመሪያው ዕቃው የሚወስደው ኃይል ሲሆን ሁለተኛው በቆጣሪ የሚመዘገበው ፍጆታ ነው።
• የገመዱን ርዝመት መሄጃውን ብቻ ቆጥሮ መመለሻውን መተው።
• ብሬከር ሲወርድ ሽቦውን ሳያዩ በትልቅ ብሬከር መተካት።